አይተው የሚጠፉት ገዢዎች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ጋምቤላ ከተማ ያለውን ቤቴን ለመሸጥ ስሯሯጥ ነው። ቤቱ ተሸጦ፣ ስሙም ተዛውሮ ካለቀ ዓመት አለፈው። ነገሩ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ለሰው ሳወራው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «እንዲህ ያለች ጎረቤት አይግጠም» ይለኛል። እኔ ግን በዳዩና ተበዳዩ ዛሬም አልለየልኝም።

የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ያደግኩት መቱ ነው። ለሥራ ጋምቤላ ገብቼ፣ እዚያው አግብቼ፣ ወልጄ፣ ከባለቤቴ ጋር ቤት ሠርተን አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። መቱ ያለችው እናቴ ግማሽ ጎኗን ሽባ ሆና አልጋ ስትይዝ ሁለታችንም ዝውውር ጠየቅን። የባለቤቴ ቀድሞ ተፈቀደለትና ልጃችንን ማርታን ይዞ ሄደ። የእኔ ደብዳቤ የደረሰኝ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አዲሱ መሥሪያ ቤት እንድገኝ ያዛል። ቤቱን ለመሸጥ የነበረኝ አንድ ወር ብቻ ነበር።

የሚያስቸኩለኝ ሌላም ነገር ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት በነበረው ክረምት የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሰፈራችንን አጥለቅልቆት ነበር። ዘጠኝ ቀን ቤታችን መግባት አልቻልንም። ውሃው ሲሄድ ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ሳሎኑን ዙሪያውን የከበበ ቡናማ መስመር ጥሎብን ሄደ። እኛ ለምደነው ሶፋ አስጠግተንበት እንኖር ነበር። ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ካልሸጥኩ ግን ማንም እንደማይገዛኝ አውቃለሁ።

እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ያደርነው አጁሉ ቤት ነው። አጁሉ እዚያው ጋምቤላ የተወለደች፣ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ናት። ቤቷ ከፍ ያለ መሠረት ላይ ስለተሠራ ውሃው ደረጃዋ ላይ ቀርቷል። ማርታን ውሃ ውስጥ በጀርባዋ አዝላ ያወጣቻት እሷ ናት። በረንዳዋ ላይ፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየች፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። አማርኛ የተማረችው ከገበያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው። እኔንም እንዲሁ።

ደላላው ቤቱን ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው መስመሩ ላይ ነው።

«ይሄን ይዘሽ ነው ቤት የምትሸጪው?» አለኝ። «በይ ቶሎ አስቀቢው።»

ቀለም ቀቢ አመጣሁ። መስመሩን ፍቆ፣ ስቱኮ መትቶ፣ ክሬም ቀለም ቀባው። የታችኛው ጫፉ የበሰበሰውን የጓዳ በር በቆርቆሮ አስመታሁና እሱንም አስቀባሁት። ኮርኒሱ ውስጥ የሰፈሩትን የሌሊት ወፎች በጭስ አባርሬ ቀዳዳውን አስደፈንኩ። ግቢውን አስጨድኩ። ቤቱ አማረ። ራሴ ብገዛው ደስ ይለኝ ነበር።

ደላላው ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከፎቶው ሥር «ነፋሻማ፣ ለኑሮ ምቹ፣ ጎርፍ የማያውቀው ሰፈር» ብሎ ጽፏል። ሳነበው ደነገጥኩና ደወልኩለት።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ጎርፍ የጠጣ ቤት ልበል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጡት አንድ የባንክ ሠራተኛና ሚስቱ ናቸው። ሚስትየው አልጋዋን የት እንደምታደርግ ሳይቀር ወስና፣ «ነገ ጠዋት ቀብድ ይዘን እንመጣለን» ብለው ሄዱ። አልመጡም። ስደውልም አያነሱም። ቀጥሎ አንድ ነጋዴ ከአቦቦ መጣ። እሱም ወደደው፣ እሱም ጠፋ። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከዚያ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ። ግንቦት ሳይጋመስ አራት ገዢ መጥቶ አራቱም ከደጄ እንደወጣ ቀረ።

እረፍት አጣሁ። ጠዋት ግቢውን ጠርጌ፣ ከሥራ ስመለስ መልሼ እጠርጋለሁ። ያሰርኩትን ካርቶን ፈትቼ እንደገና አስራለሁ። ስልኬ ድምፅ ሳያሰማ የጮኸ ይመስለኛል። ሥራ ቦታ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የወባ ተሕዋስያን ስቆጥር ሐሳቤ ቤቱ ጋ ይሄድና ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ አንዱን ናሙና ሁለት ሦስቴ የቆጠርኩበት ቀን ነበር። ባለቤቴ በደወለ ቁጥር «ዛሬስ?» ይለኛል። ደላላውን ጠረጠርኩት፤ ዋጋ አስወርዶ ለራሱ ሰው ሊገዛው ይሆን አልኩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል አምጥቼ አራቱንም ማዕዘን ረጨሁት።

ጉዳዩ የወጣው የምሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ለምርመራ ደም ልትሰጥ የተቀመጠችውን ሴት ቀና ብዬ ሳይ የባንክ ሠራተኛው ሚስት ሆና አገኘኋት። እሷም አውቃኝ አቀረቀረች።

«ስልክ ያላነሳነው አፍረን ነው» አለችኝ። «ቤቱን ወደነው ነበር። ጎረቤትሽ ስለ ውሃው ባትነግረን ኖሮ ገዝተነው ነበር።»

«የትኛዋ ጎረቤት?»

«ልብስ ሰፊዋ። ስንወጣ ጠራችን።»

ደሟን እንዴት እንደቀዳሁ አላውቅም። ለምሳ ስንወጣ ጋዎኔን እንኳ ሳላወልቅ ባጃጅ ይዤ ወደ ሰፈር በረርኩ። አጁሉ በረንዳዋ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር።

«አጁሉ፣ ቤቴን ሊያዩ ለሚመጡት ሰዎች ምንድን ነው የምትነግሪያቸው?» አልኳት።

መኪናዋን አላቆመችም። «የማውቀውን።»

«ገበያዬን እየዘጋሽብኝ ነው እኮ! ለምን ትዋሺያለሽ?»

ይኼኔ እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ። «ምን ዋሸሁ? አንተ ንገረኝ። ውሃ አልገባም? በሩ አልበሰበሰም? የሌሊት ወፍ የለም? እኔ ቀለም አልቀባሁም። ቀለም የቀባ አንተ ነህ።»

 አፌ የማይሆን ቃል አወጣ። «ምቀኛ ነሽ!» አልኳት።

እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ ቀስ ብላ አጣጠፈችው። 

«ውሃ ሲመጣ ማርታ ጀርባዬ ላይ ነበር» አለች። «ሌላ ሰው ልጁን ይዞ እዚህ ቤት ይገባል። ውሃ ሲመጣበት 'አጁሉ እያወቀ ዝም አለ' ይላል። ይሄን አልፈልግም።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ደግሞ ማርታ ሄደ። አባቱም ሄደ። አንተ እንድትሄድ አልፈለግኩም። እሱም እውነት ነው።»

ጥያት ሄድኩ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ከቤት ስወጣ አንገቴን አዙሬ አልፋለሁ፤ የመኪናዋ ድምፅ ግን ጓዳ ድረስ ይከተለኛል። ተቀምጬ መብላት አቃተኝ፤ ቆሜ እጎርስና ሳሎኑን እዞራለሁ። በሷ ስናደድ ቆይቼ ሳላስበው እጄ ግድግዳው ላይ፣ መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ዓርብ ደላላው ደወለ። «ነገ አንድ መምህር እናቱን ይዞ ይመጣል። የምር ገዢ ነው። ያቺን ልብስ ሰፊ በሆነ ምክንያት ከሰፈር አርቂያት» አለኝ። የሆነውን ነግሬው ነበር።

ላርቃት እችል ነበር። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ክር ግዢልኝ ብላት፣ ብታኮርፈኝም እምቢ አትለኝም። ግን ጠዋት ተነስቼ በረንዳዋ ሥር ቆምኩ።

«ዛሬ ሰዎች ይመጣሉ። አብረን እናነጋግራቸው» አልኳት።

«ምን ልበል?»

«የምታውቂውን።»

ያላገጥኩባት መሰላት መሰለኝ፣ ወደ ስፌቷ ዞረች።

መምህሩ ጋትዌች ይባላል። ከማታር አካባቢ የመጣ ወጣት ነው። እናቱ ረጅም፣ ምርኩዝ የያዙ ሴት ናቸው፤ አማርኛ አይችሉም። ደላላው በሩን ከፍቶ «ግቡ፣ ግቡ» ሲላቸው እኔ ከፊታቸው ቆምኩ።

«ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩ። «ይህ ቤት ውሃ ገብቶበታል። እስከዚህ ድረስ።» እጄን ከበሩ ወደ ውስጥ ዘርግቼ አዲሱ ቀለም ላይ አደረግኩት። «መስመሩን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ደላላው ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ መንገድ ወጣ። ጋትዌች ለእናቱ ተረጎመላቸው። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። አንድ ነገር ጠየቁ።

«ከየት በኩል ገብቶ በየት በኩል ወጣ ትላለች» አለኝ ልጃቸው።

አላወቅኩትም። ሌላ ጠየቁ፤ ሲሸሽ መጀመሪያ የደረቀው የትኛው ጥግ ነው፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ነበር ወይ። እሱንም አላወቅኩ። እኛ ልጃችንን ለአጁሉ አሳዝለን፣ የቤቱን ካርታ ይዘን ነው የሮጥነው። ስንመለስ ያገኘነው ጭቃ ነው። በጣም አፈርኩ። አሥራ አራት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው እኮ።

ወደ ውጭ ወጥቼ «አጁሉ!» ብዬ ተጣራሁ።

አትመጣም ብዬ ነበር። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። የመምህሩ እናት በራሳቸው ቋንቋ ሲያናግሯት፣ ከገበያ በለመደችው መጠን ቀስ እያለች መለሰችላቸው። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ግቢውን መዞር ጀመሩ። እኔና ጋትዌች ከኋላ ከኋላ ተከተልን። አጁሉ በእጇ ታሳያለች፤ ውሃው እኔ እንደማስበው በወንዙ በኩል ሳይሆን በጓሮ፣ በመጸዳጃው ማዕዘን ነው የሚገባው። የሚወጣው በበሩ በኩል ነው። እዚያ ማዕዘን ላይ አፈር ቢደለደል አብዛኛው ወደ መንገድ ይታጠፋል። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው መሬቱን በምርኩዝ ጫሩት፣ ተከራከሩ፣ አንዴም ሳቁ።

«እስከ ዛሬ አራት ቤት አይተናል» አለኝ ጋትዌች። «ሁሉም ውሃ አይገባም አሉን። እናቴ ግድግዳውን በእጇ ነካ ታደርግና 'ይዋሻሉ፣ እንሂድ' ትለኛለች። እኛ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች ነን። ውሃ መምጣቱን እናውቃለን። በየት እንደሚመጣ የሚነግረን ሰው ነው ያጣነው።»

ከጠየቅኩት ላይ ቀንሼላቸው ተስማማን። እናትየው ለመሄድ ሲነሱ የአጁሉን እጅ ይዘው የሆነ ነገር አሏት። የአጁሉ ፊት ተለወጠ።

«ምን አሏት?» ብዬ ጋትዌችን ጠየቅኩት።

«ቤቱን የገዛሁት በአንቺ ምክንያት ነው አለቻት።»

አጁሉ ወደኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሞልቷል። «እኔ ሸጥኩት አይደል?» አለች። «አንተን የሸኘሁ እኔ ነኝ።» ይህን ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። የዚያን ቀን የስፌት መኪናዋ ድምፅ አልተሰማም።

ዕቃዬ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በሄድኩበት ጠዋት የአጁሉ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አንድ ሰዓት ያህል ደረጃዋ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ሾፌሩ ክላክስ ሲያበዛብኝ ተነሳሁ።

አሁን መቱ ነን። እናቴ ተሽሏታል፣ በከዘራ ትራመዳለች። ማርታም ትምህርቷን ለምዳለች። ለአጁሉ ስደውል መጀመሪያ አካባቢ አታነሳም ነበር። በኋላ እያነሳች «ደህና ነኝ» ብላ ቶሎ መዝጋት ጀመረች።

ባለፈው ክረምት ባሮ ሞላ ሲባል ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ስደውል ዋልኩ። ሥራም አልሠራሁ። ኔትወርክ የለም። በሦስተኛው ቀን አነሳች።

«ገባ» አለችኝ። «ብዙ አይደለም። አስተማሪው አፈር አድርጎ ነበር። እናቱ እኔ ቤት ናቸው። ብዙ ያወራሉ፣ እንቅልፍ አልተኛሁም።» ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

 የዘጋችው መስሎኝ «ሃሎ» ስል፣

«አንተስ?» አለችኝ። «እዚያ ጎረቤት አለህ?»

መቱ ከገባን ወራት አልፈዋል። ከግራም ከቀኝም የሚኖሩትን ሰዎች ከሰላምታ በቀር አላውቃቸውም። ስማቸውን እንኳ በትክክል አልያዝኩም።

«አለኝ፣ ጥሩ ጎረቤት አለኝ» አልኳት።

«ጥሩ ነው» አለችና ዘጋችው።

ለገዢ መዋሸቴን ካቆምኩ በኋላ የዋሸሁት ውሸት ይህ ብቻ ነው። እሷም አልታለለችም መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ራሷ ትደውልልኛለች።