ሰርቦ ላይ የጠፉት ወንዶች ልጆች

ንጋት 12 ሰዓት፣ ጅማ

ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ላንድሮቨሩ ቆሟል። ደርግ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ያስጀመረበት ዘመን ነው፤ ይህን ማስታወሻ ያኔ ላሳትመው አልደፈርኩም። ሹፌሩ አባ ፊጣ መስታወቱን በጆንያ ቁራጭ ይወለውላሉ። ሰናይት ከኋላ ተቀምጣ መጠይቆቿን አቅፋለች። በእናቶች ጤና ላይ የመጀመሪያ ጥናቷ ነው። ከተሳካላት የተማረችበት የጤና ኮሌጅ በመምህርነት ያስቀራታል፤ ካልተሳካላት ወደ አንዱ ሩቅ ጤና ጣቢያ ትመደባለች። እኔ፣ ዕድሜዬን በማዋለድ የጨረስኩ ነርስ፣ እንዳሠለጥናት ታዝዣለሁ።

«የጥናቱን ሽፋን አሳዪኝ» አልኳት ከመግባቴ በፊት።

«ምን ጎደለው፣ ሲስተር?»

«የአሠልጣኝሽ ስም።»

እዚያው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈችው። ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት፣ በሚሊሺያው ምልመላ ሰሞን ሰርቦ እየተመላለስኩ የሠራሁትን ጥናት አንድ ዶክተር ስሜን ፍቆ ውጭ አገር በራሱ ስም አነበበው። ጥናቱ፣ በቡና አገር እናቶች ቡና ስለሚያበዙ ወንድ ፅንስ አይጸናም ይላል። ተጨበጨበለት። እኔ ማዋለጃ ክፍል ጓንት ሳጥብ ነው የሰማሁት።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰርቦ

መንገዱ ጭቃ፣ ዳርና ዳሩ የቀላ ቡና። ሙዝ አምስቱ በሃያ አምስት ሳንቲም። በቀበሌው አዳራሽ ሴቶቹ ከሊቀመንበሩ መዝገብ በስም እየተጠሩ ይሰለፋሉ። ሊቀመንበሩ ከሰናይት ጎን ወንበር ስቦ ተቀምጧል። እንዲህ እንድትሠራ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሥርዓት ይይዛል፣ ማንም አይቀርም።

«ስንት ወለዱ?» ትላለች ሰናይት።

«ሦስት። ሁሉም ሴት ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች አንዷ። ዘይነባ እላታለሁ፣ ስሟ ግን ይህ አይደለም።

እስከ ቀትር ከሠላሳ እናቶች የተመዘገበው ወንድ ልጅ አራት ብቻ ሆነ። የሰናይት ፊት በራ።

«ሲስተር፣ የእርስዎ ግኝት ልክ ነበር! እኔ አረጋግጥልዎታለሁ!»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ማዋለጃ ክፍሉ ትዝ አለኝ። በእነዚህ እጆቼ የተቀበልኳቸው ወንዶች ከሴቶቹ አያንሱም ነበር። ይህን እስከዛሬ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ዘይነባ ቤት

ዘይነባ ምሳ ካልበላችሁ ብላ ይዛን ሄደች። ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በእርጎ። በጓሮ ገመድ ላይ ሦስት የተማሪ ካኪ ቁምጣ ተሰጥቷል።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የጎረቤት።»

አባ ፊጣ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ሲስተር፣ እርስዎ ደግሞ! ጎረምሳ ለጦር የሚጠራበትን መዝገብ አስዘርግተው፣ ኢልማ፣ ወንድ ልጅ፣ ስንት አለሽ ይላሉ? ወላሂ፣ እኔም ብጠየቅ ሴት ብቻ ነው የወለድኩት!»

ዘይነባ አልሳቀችም። «ሦስቱም የኔ ወንዶች ልጆች ናቸው። በሚሊሺያው ጊዜም መጥተው ጠይቀውኝ ነበር፤ ያኔም ሊቀመንበር አጠገብዎ ነበረ። ሁለቱን ደበቅኋቸው። በኋላ ሦስተኛውን ሳረግዝ ጤና ጣቢያ ብመጣ ቡና ተዪ አሉኝ። አልተውኩም፤ እሱም ይኸው በቡና አደገ!» ወደ ሰናይት ዞረች። «ልጄ፣ ይህን ትጽፊዋለሽ?»

ሰናይት እስክሪብቶዋን እንደያዘች እኔን አየችኝ።

ዶክተሩ ትዝ አለኝ። የሰረቀኝ ለካ ስህተቴን ነው። ልሳቅበት ወይስ ልፈር? ዛሬም አልለየሁትም።

«አትጽፍም» አልኩ።

ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ወደ ጅማ

ሰናይት ታለቅሳለች። «መምህርነቱ ቀረ ማለት ነው።»

«ነገ ቤት ለቤት እንሄዳለን። ያለ ሊቀመንበር፣ ያለ መዝገብ። ወንድ ሴት አንልም። ማን እንዳዋለዳቸው፣ ስንት ቀን እንዳማጡ፣ ደም ፈሷቸው እንደሆነ እንጠይቃለን።»

«ቀኑ አይበቃኝም፣ ሲስተር።»

«ግማሹን እኔ እጠይቃለሁ።»

«የዛሬውን ምን ልበል?»

«አጠያየቁ ተሳስቷል በይ። ለምን እንደሆነ ግን አትጻፊ።»

አንድ ደስታዬን አልደብቅም፤ በዚያኛው ጥናት ሽፋን ላይ ያለው የዶክተሩ ስም ብቻ ነው። ደስታው ግን እስከ ጅማ መግቢያ አልዘለቀም። ያ ሁሉ እርጉዝ ቡና ተዪ እየተባለ የተገሠጸው በኔ ወረቀት ነው።

ሰናይት ዓይኗን ጠርጋ ሽፋኑን አወጣች። «ስህተት ነው ከተባለ ስምዎ ለምን ይነሳ? ልሰርዘው።»

አዝናልኝ ነው። እኔ ግን ዶክተሩ ስሜን ፍቆ ካነበበበት ቀን ይልቅ ተናደድኩ።

«ተዪው» አልኳት። «ይልቅ ደብዝዟል፤ ድገሚበት።»