አራስ ያለችበት ቤት

ኤርሲዶ ጂማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ሚስቱ ተስፋነሽ እዚያው ቡና ለቃሚ ናት። ከከምባታ መጥተው ቦሳ አዲስ ሰፈር በቀበሌ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ሲኖሩ፣ በሰባ ሰባት መጨረሻ ጊንጆ ሰፈር የቤት መሥሪያ ቦታ ተመሩ። ቦታው በነጻ ነው፤ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ቤት ካልቆመበት ግን ለሌላ ይሰጣል።

እንጨት መቁረጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቆርቆሮም ለማኅበር እንጂ ለግለሰብ አይደርስም። የቀረው መላ እንደ ሌላው ሰው ከገጠር የቆመ ቤት ገዝቶ፣ አፍርሶ፣ አምጥቶ መትከል ነበር። ሲያጠያይቁ ደዶ ወረዳ ውስጥ ሸምሰዲን የሚባል ገበሬ አገኙ። ከብቶቹን ገንዲ የሚባለው በሽታ ፈጅቶበት፣ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ የሚያጠጣው ወተት ያጣ ሰው ነው። አባቱ ቡና ባማረበት ዘመን ያሠራው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበረው፤ ቋሚው ጥድ፣ ምሰሶው ዋንዛ። እነ ተስፋነሽ ጓሮ አሥረው ያሳደጓትን ላም ከነጥጃዋ ሰጡ፤ የጎደለውን በገንዘብ ሞሉ። ሸምሰዲን ከጓሮው ጎጆ ቀልሶ ሊለቅ፣ እነሱም በጥቅምት ሊያፈርሱ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ።

በጥቅምት ባልና ሚስቱ የሥራ ባልደረባቸውን ዳምጤን አስከትለው ደዶ ሲደርሱ፣ የሸምሰዲን ሚስት ሶረቲ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም።

«ጎጆው አልቆ የለም እንዴ?» አለ ኤርሲዶ።

«ጭቃው አልደረቀም፣ ኦቦ ኤርሲዶ። ግን ቤቱ የእናንተ ነው። አፍርሱ ካላችሁ፣ ወላሂ አፌን አልከፍትም።»

ተስፋነሽ ወደ ውስጥ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ተለውጦ ነበር። «በአራስ ላይ ጣሪያ አይገለጥም» አለች።

«ይሄ የኛ አገር ወግ ነው የነሱ?»

«የትም።»

ኤርሲዶ አልተከራከረም። የመጀመሪያ ልጃቸው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ብርድ መትቶት እንደ ሞተ እሱም አይረሳም።

«ቤቱንም አራስ አደረጋችሁት በሉኛ!» አለ ዳምጤ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ እየመለሰ። «ገንፎ ይገንፋለታ!»

ለጥር ተቀጣጥረው ተለያዩ።

በኅዳር የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ደዶ ገባ። ገበሬው ሁሉ ቤቱን እየነቀለ አንድ ሜዳ ላይ እንዲሰፍር ታዘዘ የሚለው ወሬ ተስፋነሽን የደረሳት ቡና ስትለቅም ነው። ኤርሲዶ ፈቃድ ጠየቀ፤ በቡና ወቅት ፈቃድ የለም ተባለ። ጥር እስኪገባ ተስፋነሽ ዘማቾቹ የሸምሰዲንን ቤት ሳይነኩ እንዲያልፉት ስትጸልይ ከረመች።

በቀጠሮው ቀን ከዳምጤ ጋር ቀድመው ሄዱ፤ እንጨቱን የሚጭነው ኤንትሬ መኪና ከሰዓት በኋላ ሊደርስ ነው። በቀድሞው ቦታ የቀረው የምሰሶ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ቤቱን ያገኙት ሜዳው ላይ፣ በገመድ ከተሰለፉት የሣር ቤቶች መካከል ነው። በሩ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል።

ሸምሰዲን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። «የሰው ነው አልኳቸው። እስከቆመ ድረስ ያንተ ነው አሉኝ።»

«ጎጆህስ?» አለች ተስፋነሽ።

«ላንድ አባወራ አንድ ቤት ነው ብለው እንጨቱን ለሌላ ሰጡት።»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጅብሪል ቀርቦ አዳመጣቸው። አልተቆጣም፤ ድካም ግን ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ከመንደሩ አንድ ማገር አይወጣም፣ እህቴ።»

«በሽማግሌ ፊት የገዛነው ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ሽማግሌዎቹን ይጠይቋቸው።»

«እነሱም እዚሁ ናቸው፤ ያ ሦስተኛው ቤት የአንዱ ነው። የኔንም ቤት ከምንጩ አጠገብ ነቅለውታል። ለማን ልክሰስልሽ?»

ሶረቲ ልጇን ታቅፋ ከበሩ ብቅ አለች። ሕፃኑ ወፍሯል። «ማሎ እባክሽ፣ አዴ ተስፋነሽ፣ ላሚቱን ውሰጂ።»

«ላም ጊንጆ ላይ ብትተከል ቤት አትሆንም» አለ ኤርሲዶ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «በጥቅምት...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ተስፋነሽ ምነው የጀመረውን በጨረሰው ብላ ተመኘች። ሌላ ቤት እንዳይፈልጉ ዘመቻው ያልነካው ወረዳ የለም፤ ክረምቱም ሩቅ አይደለም። ሕፃኑን እንዳታይ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«እንግዲህ ዛሬ የዘመቻ ቀን ነው» አለ ጅብሪል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካድሬው እዚያ ቆሟል። እጁን አጣጥፎ የቆመ እንግዳ እንኳ ቢያገኝ የሚጠይቀው እኔን ነው።»

«ቤት ልናፈርስ መጥተን ቤት ልንሠራ!» አለ ዳምጤ። የሳቀለት የለም። ከኤርሲዶ ጋር አንድ ግንድ ተሸክመው ሄዱ። ተስፋነሽም ነጠላዋን አደግድጋ፣ የአንዲት ባልቴት ቤት ከሚለስኑት ሴቶች ጋር ጭቃ ረገጠች።

«እጅሽ ያውቃል» አለቻት ባልቴቲቱ። «ብዙ ቤት ሠርተሻል?»

«አልሠራሁም» አለችና ሌላ ጭቃ ዘገነች።

ከሰዓት በኋላ ኤንትሬው ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ። ኤርሲዶ ሊመልሰው ሲሮጥ ካድሬው ቀደመው፤ ኮረብታው ላይ የተከመረውን የፈረሰ ቤት እንጨት በእጁ ጠቁሞ ሾፌሩን እንዲጭን አዘዘው። መኪናው እነ ተስፋነሽን አልፎ የሌላ ሰው ቤት ሊጭን ወጣ።