ድንኳን ያልተተከለላቸው

በዋጋነሽ ቀጠና ሰው ሞቶ ዋጋነሽ ሳትሰማ አይቀበርም ይባላል። አስኮ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ስትሠራ ያልረገጠችው ደጃፍ፣ ያልጮኸባት ውሻ የለም። የተወለደውን ትመዘግባለች፣ ክትባት ያሳለፈችን እናት ትቆጣለች፣ የሞተውን ደግሞ በድንኳን ታውቃለች። የዕድር ድንኳን በተተከለ ቁጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባለች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ደብተሯን አውጥታ «ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ምን አሟቸው ነበር?» ትላለች። ለቀስተኛው ለምዷት ዝም ብሎ ይመልሳል።

በዚህ ዘዴዋ ትኮራለች። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ «የጨቅላ ሕፃናት ሞት» በሚለው ሥር የእሷ ቀጠና ሦስት ዓመት ሙሉ ዜሮ ነው። ዓለም በፈረንጆቹ 2030 እንደርስበታለን ብሎ የተስማማበትን ግብ ዋጋነሽ ቀድማ አልፋዋለች። አለቃዋ ዳንኤል፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ትሁት ወጣት፣ ዓርብ ይህን ሊያዩ እንግዶች እንደሚመጡና የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣት ነግሯታል። ቀሚስ አሰፍታለች፤ ማን ይፈርድባታል?

ማክሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ ጎረቤቷ ተቀበሩ። ለቀስተኛው ሲበተን የጫማዋን ጭቃ ልትጠርግ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ጠጋ ብትል፣ በሣሩ መሃል ክንድ የማይሞሉ ጉብታዎች አየች። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። አፈሩ ገና ያልደረቀም አለ።

መቃብር ቆፋሪው ጋሼ ሀብተማርያም አካፋቸውን ይዘው በዚያ ሲያልፉ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ክርስትና ሳይነሡ የሄዱት ናቸዋ። አርባና ሰማንያ ቀን ያልሞላቸው። አባት በማለዳ ታቅፎ ያመጣል፣ እኔ እቆፍራለሁ። ፍትሐት የለ፣ ድንኳን የለ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«ከመስከረም ወዲህ አሥራ አንድ። ሁሉም የእኛው ሰፈር ልጆች።»

ዋጋነሽ ክው አለች። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ድንኳን እንደማይተከል ከልጅነቷ ታውቃለች። ሞትን በድንኳን የምትቆጥረውም ራሷ ናት። ሁለቱን ነገር አሥራ አራት ዓመት በአንድ ራስ ተሸክማ አንድም ቀን አላገናኘቻቸውም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እናቶቹም «የሞተብሽ ልጅ አለ?» ስትላቸው «የለም፣ ተመስገን» ያሏት ሊዋሿት አልነበረም፤ ስም ያልወጣለትን ማን ሞተብኝ ይላል?

«እንዴት ሰው አይነግረኝም ጋሼ?»

ጋሼ ሀብተማርያም ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «ምኑን ልንገርሽ? አንቺ መች አጣሽው? ያንቺን እዚያ ጥዱ ሥር ያስተኛሁት እኔ አይደለሁም?»

አጥሩን ያዘች። ስድስት ቀን ነበር የኖረው። ጡት ይዞ ነበር።

ቢሮ ገብታ በየዓመቱ ለየቤቱ ከምትሞላቸው ቅጾች የራሷን ቤት አወጣች። በገዛ እጇ ጽሑፍ «የወለደቻቸው ሁለት፤ የሞተ የለም» ይላል። የዘንድሮውም፣ የአምናውም። ማንም አላስገደዳትም፤ ማንም አልጠየቃትም።

ረቡዕና ሐሙስ ከደጅ ደጅ ስትዞር ጥያቄዋን ቀየረች፦ «አልቅሶ የተወለደ፣ አንድ ቀንም ቢሆን የኖረ ነበረሽ?» አንዷ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች። ሌላዋ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ዋጋነሽም አብራት። ሐሙስ ማታ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን አግኝታ አዲስ የሞላቻቸውን ቅጾች ዳንኤል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

ዳንኤል ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ ዋጋነሽ፣ እንግዶቹ እኮ ነገ ናቸው። ይሄ ከዓርብ በኋላ ቢገባ ምን አለበት? እነዚህ ሴቶች ራሳቸው የለም ብለው ነበር፤ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ከላይኛው ጀምረህ አንብበው» አለችው።

ዳንኤል አነሣው። የቤት ቁጥሩ የዋጋነሽ ነበር። የወለደቻቸው ሦስት፤ የሞተ አንድ፤ ዕድሜ ስድስት ቀን።