ጡሩንባው ዝም ሲል

አቶ ቅጣው ጉባኤ መምራት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሁሉም ተራው ደርሶት ሳይናገር ምክር መበተን በእርሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ደግ ነገር ነው፤ ማን ይጠላዋል? ሁለቱ የፃግብጂ መንደሮች፣ የእርሳቸውና የማዶው፣ የተማማሉትም በእርሳቸው ሰብሳቢነት፣ እጅ አውጥተው ነው። ትእዛዙ የሚባል ባለጠመንጃ ከነጭፍሮቹ እየመጣ ምንጭ በጉልበት ይይዝ ነበርና፣ አንዱ መንደር ጡሩንባ ሲነፋ ሌላው ሊደርስለት ቃል ገቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ። ማለቱማ ምን ይገዳል?

በ1992 ዓ.ም. በጋ አንድ ጠዋት ጡሩንባ ከማዶ ተነፋ። የልጃቸው የሶስና መንደር ነው፤ ነፊውም ባሏ ምትኩ። አቶ ቅጣው ዱላቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ግን ወግ ነውና ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አንዱ «እኛን አልነካን፤ ምን አገባን?» አለ። ሌላው «መጀመሪያ ሽማግሌ እንላክበት» አለ። ሦስተኛው የድሮ የድንበር ጠብ አንስቶ አልጨርስ አለ። እታለም የምትባል ጎረቤት «ኧረ ሰውየው እየነፋ ነው» ብትል፣ አቶ ቅጣው ራሳቸው «ቆይ፣ ተራ ይጠበቅ» አሏት። በመጨረሻ እንሂድ የሚለው አሸነፈ። መርቀው ሊነሱ ሲሉ ማዶው ጭጭ አለ።

ሲደርሱ ምትኩ ምንጩ ዳር ወድቋል፤ ትእዛዙም ጠባቂ አቁሞ ሄዷል። አንዲት አሮጊት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። ሶስና አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። «እስከ መጨረሻው 'አባትሽ መንገድ ላይ ናቸው' ይለኝ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ አቶ ቅጣው ሰው አልሆኑም። ሰብሳቢነቱን ተዉ። ገበያ መሐል፣ ቅዳሴ ቆመው ሳሉ፣ ጡሩንባው ይሰማቸዋል። ድምፁንስ ችለውት ነበር፤ የሚቋረጥበትን ጊዜ መጠበቁ ነው የገደላቸው።

በሁለተኛው ዓመት ትእዛዙ የእነርሱን ምንጭ ሊይዝ መጣ። አቶ ቅጣው ማንንም ሳይጠይቁ የመንደሩን ጡሩንባ ከነፊው ነጥቀው ነፉ። ማን ይመጣልኛል ብለው እንደሆነ እንጃ። ቀና ቢሉ የማዶው ሰው ዱላና አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ከፊት ጥቁር የለበሰች ሴት አለች። ትእዛዙ የሰዉን ብዛት አይቶ፣ ተሳድቦ ተመለሰ።

«ልጄ፣ መጣሽልኝ?» አሉ አቶ ቅጣው እንባቸው እየወረደ።

«ለእርስዎ አይደለም» አለች ሶስና። «ቃል ስለገባን ነው።»

ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ከሰዎቿ ጋር ወደ ማዶ ተመለሰች።