እንቁራሪት አንቱ አይባልም

ታላቅ እህቴ የቧንቧ ሠራተኛ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «መፍቻ» ይላታል፤ ከእጇ የማይለየውን የብረት መፍቻ አይቶ ያወጣላት ስም ነው። ባል አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ አንዱ «ከተጋባን በኋላ ሥራሽን ትተዪዋለሽ» አላት፣ ሌላው ደግሞ እጇን አገላብጦ አየና ክሬም ገዛላት። ሁለቱንም እስከ በር ሸኘቻቸው። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ወሬ ከሥራዬ አይለይም። ይህን ግን ከደንበኛ አልሰማሁትም፤ ጅምሩን እህቴ ነገረችኝ፣ የቀረውን በዓይኔ ነው ያየሁት።

ነገሩ የጀመረው አንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውሃ አልወርድ ብሎ ነበር። ዘበኛው ለባለቤቶቹ «መፍቻ መጥታለች!» ብሎ ሲጮኽ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለ አንድ እንቁራሪት ሰማና ልቡ ሊቆም ደረሰ። ለካ የድግምቱን መፍቻ ሲጠብቅ ዘመኑን የፈጀ ልዑል ኖሯል። እህቴ ክዳኑን ስታነሳ ደረቱን ነፍቶ፣

«ዘገየሽ» አላት።

ሌላ ሴት ብትሆን ከጣሪያው ትወድቅ ነበር። እትዬ ግን «የምን መዘግየት? የደወሉልኝ ዛሬ ጠዋት ነው» አለችው።

ልዑሉ ታሪኩን አወራላት። በደጉ ዘመን አንዲት አሮጊት ልብስ አጣቢን «አንቺ! ቶሎ በይ!» ብሎ አመናጭቋታል። አሮጊቷ ደግሞ የዋዛ ሴት አልነበረችም፤ «አንዲት ሴት ከልቧ አንቱ እስክትልህ ድረስ ከውሃ ውሃ ስትዘል ኑር» ብላ ረገመችው። ስለዚህ እህቴ አሁኑኑ አንቱ እንድትለው አዘዛት። አዘዛት ነው ያልኩት፤ ልብ በሉ።

«እንቁራሪት አንቱ አይባልም» አለችው። ቧንቧውን ደፍኖ የተቀመጠው እሱ ራሱ ስለነበር አንስታ መሣሪያ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችውና ቤት ይዛው መጣች።

እኔ ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ልዑል! ቤተ መንግሥት! ሳጥኑ ፊት ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኩት። ወይ ፍንክች። «ክቡርነትዎ እራት ምን ይሻሉ?» አልኩት። አሁንም አረንጓዴ እንደሆነ ነው። «ከልብሽ አይደለም» አለኝ በንቀት። እውነቱን ነው፤ ልቤ ያለው ወርቁ ላይ ነበር።

እህቴ ሥራ ፈት አትወድም፤ ሥራ አስያዘችው። ቧንቧ ውስጥ ይገባል፣ የቱ ጋ እንደተዘጋና የቱ ጋ እንደሚያፈስ ወጥቶ ይነግራታል። መጀመሪያ «የሥራሽ ሽታ ገደለኝ» እያለ ያማርር ነበር። ውሎ አድሮ ግን አመሉ ተለወጠ። እሷ «አንተ ፈጣጣ» ትለዋለች፣ እሱ «አንቺ ግትር» ይላታል፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ሲንከተከቱ ያመሻሉ። በእንቁራሪት ቀናሁ። ከዚህ የባሰ ውርደት ካለ ንገሩኝ።

አንድ ቀን «ለምን አንቱ ብለሽው አትገላገይም?» አልኳት።

«ከልቤ ካልኩት ሰው ይሆናል። ሰው ከሆነ ደግሞ ይሄዳል» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ።

ወዳዋለች! ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ።

ከእኔ ፀጉር ቤት ጎን ዳቦ ቤት አለ። የዳቦ ቤቱ ዋና ቧንቧ የተሰነጠቀ ዕለት ውሃው ወደ ዱቄት መጋዘኑ ይንደረደር ጀመር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጭንቅላቷን ይዛ ትጮኻለች። እህቴ ብትመጣም የውሃው መዝጊያ ዝጎ አልዞር አላት። እንቁራሪቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ታንከሩ ውስጥ ዘለለ፤ በቧንቧው ወርዶ ስንጥቁን ከውስጥ ደፈነው። በምኑ እንደደፈነው አልናገርም። የተከበረ ልዑል ነው።

ውሃው ቆመ፤ ግፊቱ ግን እሱን ያጣብቀው ጀመር።

«ውጣ አንተ! ትፈነዳለህ!» አለችው እህቴ መዝጊያውን እየታገለች።

«መጀመሪያ ዝጊው» አላት፤ ድምፁ ሰልሏል። «ሥራችን አይደል?»

«ሥራችን» ያላት ወንድ ገጥሟት አያውቅም። ቧንቧውን እቅፍ አድርጋ «ይውጡ! በእናትዎ ይውጡ! እኔን ብለው!» እያለች አለቀሰች።

አንቱ አለችው!

ለሙሉ ሰው ደግሞ ቧንቧ አይበቃም። ቧንቧው ተተረተረ፣ ውሃው ጣሪያ ነካ፣ የመጋዘኑ ዱቄት በአንድ አፍታ ተቦካ። ከሊጡ መሃል አንድ መለሎ ወንድ ራቁቱን ብድግ አለ። ባለቤቷ ጩኸቷን ሳታቋርጥ ጆንያ ወረወረችለት። እኔ አላየሁም ብል ውሸት ነው።

እትዬ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ «ተጎዱ እንዴ?» አለች።

«ማንን ነው?» አላት ልዑሉ።

«እርስዎን።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ የለመነው ቃል ነበር፤ ሲያገኘው ግን ባዳ አደረገው። አንቱ የሚሉትን ሰው ማን ደፍሮ ይሰድበዋል? እህቴ ደግሞ ካልሰደበች መውደድ አታውቅበትም።

«አንተ በይኝ» አላት።

«ተመልሰው እንቁራሪት ቢሆኑስ?»

የረገመችው አሮጊት ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ አላለችም፤ የሚያውቅ አልነበረም።

«ልሁን። አንቱ እያልሽ ከምትርቂኝ፣ ፈጣጣ እያልሽኝ ሳጥንሽ ውስጥ ብኖር ይሻለኛል።»

እህቴ ዞረች። «እትዬ፣ አፈር ስሆን ዝም በይ! ልዑል በየቀኑ አይገኝም!» አልኳት። አልሰማችኝም። ተጠግታ የግንባሩን ሊጥ በመዳፏ ጠረገችለት።

«አንተ» አለችው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሁለቱም ሰው ነበሩ።