የማይኮመጥጠው ወተት

አሁን ሳስበው ያ ዘመን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ ያለፈ ይመስለኛል። ጧት ጧት ሐይቁና ሰማዩ አንድ ይሆኑና፣ ባለቤቴ ታንኳውን ገፍቶ ሲወጣ ውሃ ላይ ይሁን ደመና ላይ አይለይም ነበር። ድምፁ ብቻ ይመጣል። «ቁርሴን አስቀምጪልኝ፤ ምላስሽን ግን ለራስሽ!» ይለኛል። እኔም ከዳር ቆሜ መልሱን አላሳጣውም። በዚያ ዳርቻ በአፌ የታወቅሁ ነበርሁ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ «ይቺን ልጅ ያመጣናት ለትዳር ነው ወይስ ለሙግት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ባሕር ዳር ያኔ ከተማ አትባልም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጥቂት የሣር ቤቶች፣ ከደንገሉ ጥግ የኛ የእስላሞቹ ጎጆዎች፣ ከዚያ ወዲያ ጣሊያን መጥቶ የተከለው ካምፕ። እኛ በዓሣና በታንኳ ሥራ እንኖራለን። አማቴ ደግሞ እርድና ቅመም ገበያ ያወጣሉ፤ እርዱን የምወቅጠው እኔ ነኝ። ወተት ግን የኛ ነገር አልነበረም። ዓሣ መበላሸቱን በዓይን ብቻ እናውቃለን፤ ወተትን እንዴት እንደምናውቅ ያስተማረን ሰው የለም።

ወተት ወደ ቤታችን የገባው በሁዳዴ ነው። የጎረቤት መንደር የሰባታሚት ክርስቲያኖች ጾም ሲይዙ ወተት አይቀምሱም፤ ላሞቹ ግን ጾም አያውቁምና መታለባቸው አይቀርም። ድሮ ሴቶቹ እየናጡ ቅቤውን ለፋሲካ ያቆዩት ነበር። በዚያ ዓመት ካምፑ ወተት ፈለገ። ሴቶቹ ወታደር ያለበት መቅረብ ስለፈሩ አማቴ መሐል ገቡ፤ ከእነሱ ተቀብለው ለካምፑ ያደርሳሉ። «ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት እኔን ነው» እያሉ በራሳቸው ያሾፉ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ወተት ግን ተደፋ። የሰባታሚት ሴቶች ግሬራቸውን፣ የሚያልቡበትን ቅል፣ በወይራ ጭስ ያጥናሉ፤ ወተቱ ሽታ የሚኖረውም፣ ውሎ የሚያድረውም በዚያ ነው። የካምፑ ወጥ ቤት አሽትቶ ፊቱን አጨማደደና ሣሩ ላይ ገለበጠው። አማቴ ወተቱን መሬት ሲጠጣው አይተው ባዶውን ቅል ከሣሩ ላይ አነሡ። አማርኛ የሚያውቀው አስተርጓሚ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ለስላሳ ሰው፣ «እማማ፣ ጭስ የነካው አይቀበሉም፤ ሕጋቸው ነው» አላቸው።

ሴቶቹ ማጠኑን ተዉ። ያን ጊዜ ወተቱ ገና ካምፑ ሳይደርስ ይኮመጥጥ ጀመር። ከፊሉ በሞተር ጀልባ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው የደልጊ ካምፕ ስለሚሄድ፣ በፀሐይ ረግቶ ይደርስ ነበር። አስተርጓሚው አንድ ቀን ጣሳ ይዞ መጣ። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ፤ ሽታ የለውም፤ በጣት ሲነኩት እንደ ላመ ጨው ነው። «ለየቅሉ ቆንጠር እያደረጉ ይጨምሩ፤ አይኮመጥጥም» አለ።

አልኮመጠጠም። አማቴ አንድ ኩባያ ከመደቡ በላይ አስቀምጠው ቀን ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ወተቱ እንደ ነጭነቱ ቀረ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ይህ በረካ ነው» አሉ። ከሰባታሚት ከሚመጡት ሴቶች አንዷ፣ ረጅም፣ ቁጡ፣ እኔን የምትመስል፣ ኩባያውን አንሥታ ብዙ አሸተተችው። «ወተት ካልረጋ ምኑ ወተት ነው?» አለች። ብትቀምሰው ታውቀው ይሆናል፤ ግን ጾመኛ ናት፤ ምላሷን አታስነካውም። ወተት የሚያውቁት ሁሉ ጾመኞች ነበሩ፤ መቅመስ የሚፈቀድልን ደግሞ እኛ ወተት የማናውቀው ነበርን። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሰባት ወር የሞላት ልጅ ነበረችኝ። በዚያ ሰሞን የሐይቁ ንዳድ ይዞኝ ጡቴ ደረቀ። ተጋድሜ ጣሪያውን አያለሁ፤ የሣሩ ክዳን አንዳንዴ ውሃ ይሆንና ከላዬ ይፈሳል፤ ባለቤቴ በታንኳ ክዳኑ ላይ ሲያልፍ አየዋለሁ። ቅዠት ነው። በቅዠቱ መካከል ግን አንድ እውነተኛ ነገር ነበር፤ አማቴ ልጄን በጉልበታቸው አስቀምጠው፣ በትንሽ ኩባያ ጠብ ጠብ ሲያደርጉላት። ከበረካው ወተት ነው። ለካምፑ ከመሄዱ በፊት የልጄን ድርሻ ያነሣሉ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ያጠጧታል። እኔ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ኩባያ አልይዝም። እሳቸው ሲያጠጧት ያለውን ያንን ፊታቸውን አልረሳውም፤ ሴት እንዲህ ስትወድ አይቼ አላውቅም።

ልጄ መታመም ጀመረች። መጀመሪያ አስመለሳት፤ ከዚያ ሆዷ አልቆም አለ። ቆዳዋ የፈላ ውሃ እንደነካው ቀልቶ ከጉንጯ ላይ ተላጠ። ዓይን ነው ተባለ። ሼሁ መጥተው ቁርአን ቀሩባት። «ደክማለች፤ ጨምረን እናጠጣት» አሉ አማቴ። ጨመሩላት።

ንዳዱ ሲለቀኝ የመጀመሪያ ሥራዬ እርድ መውቀጥ ሆነ፤ ገበያው ደርሶ ነበርና። አማቴ ቅመማቸውን ተሸክመው ሲወጡ «ወተቱ እዚያ ነው፤ ዱቄቱን ቆንጥረሽ ጨምሪበትና ልጅሽን አጠጫት» አሉኝ። እጄ እስከ አንጓዬ ቢጫ ነው። ተጣጥቤ ሳይደርቅ ጣሳውን ከፍቼ ቆነጠርሁ። ጣቶቼ ቀሉ።

ወደ ብርሃኑ አውጥቼ አየኋቸው። ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። የእርድ ልብሴን በአመድ ውሃ ባጠብሁት ቁጥር ቢጫው እንዲህ ነው የሚቀላው። በጨው አይቀላም፤ በወተት አይቀላም። ይህ ዱቄት የአመድ ዘመድ ነው፤ ማጠቢያ ነው አልሁ። ልጄን የሚያጠጧት የልብስ ማጠቢያ ነው!

ወተቱን ደፋሁት። ልጄን አዝዬ ወደ ሰባታሚት ሮጥሁ። ያቺ ቁጡ ሴት ምንም አልጠየቀችኝም። የተቀመጠ ግሬራዋን አውርዳ፣ ወይራ አጭሳ አጠነችና ላሟን አለበችልኝ። ልጄ በእኔ እጅ ጠጣች፤ ጭስ ጭስ የሚል ወተት። ጠጥታ አላስመለሳትም። መንገድ ላይ ሳቀችልኝ ልበል? ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለአማቴ አልነገርኋቸውም፤ ልጄን ግን ከዚያ ወዲያ ከእጄ አላወጣኋትም። ልጄ ስትድን እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃላቱን አዘጋጅቼ ነበር፤ በየመንገዱ እየሳልሁት፣ እንዴት አድርጌ እንደማሳፍራቸው እያሰብሁ። በሦስተኛው ቀን ልጄ ሞተች። ባለቤቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወሰዳት። ያ የተሳለ ነገር ሁሉ ሳይነገር ቀረ።

ፋሲካ አልፎ አስተርጓሚው ወደ ቤታችን መጣ። አልተቀመጠም። «እማማ፣ ከእንግዲህ ያንን ዱቄት እንዳይጨምሩ። አዲስ ሐኪም መጥቶ ወተቱን መረመረና ተቆጣ። በአገራቸው ሕፃን በሚጠጣው ወተት እንዳይገባ ክልክል ነው አሉ» አለ። ጣሳውን ጠየቀ። አንሥቼ ሰጠሁት። አስተርጓሚው ሁለታችንንም አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቤታችሁ የጠጣው ሰው ነበር?» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። በዚያ ዳርቻ ያን ቀን ያህል የምናገረው ሞልቶልኝ አያውቅም። ካምፑን፣ እሱን፣ ሕጋቸውን፣ አማቴን።

«የለም» አልሁ። «እኛ ዓሣ በላተኞች ነን። ወተት አንጠጣም።»

ትከሻው ወረድ አለ፤ ጣሳውን ይዞ ሄደ። አማቴ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ውጭ ነፋሱ ደንገሉን ያንሿሿዋል።

«አንቺ ታውቂ ነበር» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው። «በዚህ እጄ። ቢስሚላህ እያልሁ። እኔ ነኝ ያጠጣኋት።»

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «እኔም አጠጥቻታለሁ፣ እማ» አልሁ። «እርስዎ መግሪብ ሲሰግዱ፣ እኔም ተነሥቼ ከዚያው ወተት አጠጣት ነበር። ሁለታችንም ነን።»

አዩኝ። ከዚያ እጄን ያዙና እንደ ልጅ ጮኸው አለቀሱ። እስኪሞቱ ድረስ አመኑኝ። እኔ ግን ከዚያ ወተት አንድ ጠብታም አጠጥቻት አላውቅም።