ጥርት ያለው ክብ

አክስቴ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች። ስለ ሥራዋ ስታወራ ወጥ ቤት የዋለች ትመስላለች። ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ነገር አፍልታ ክዳን ባላቸው ትንንሽ ሳህኖች ትገለብጣለች፤ ከበሽተኛ ቁስል የተወሰደውን መግል ትቀባበታለች፤ ከላዩ መድኃኒት የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ጣል ጣል ታደርጋለች። በማግስቱ ባክቴሪያው ሳህኑን ሞልቶ ይጠብቃታል። መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ ግን በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል።

ወይ ያ ክብ! ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ጋ ጎራ እላለሁ፤ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስታ «ነይ እዪልኝ! ድራሹን አጠፋው!» ትለኛለች። ደስታዋ ልጇ ፈተና ያለፈላት እናት ነው የሚመስለው። ያኔ ክቦቹ ሰፋፊ ነበሩ። ያ ጊዜ ሲናፍቀኝ ይኖራል።

ባሏ ጋሼ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ለጋስ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መድኃኒት ላይ ግን አስቸጋሪ። ትንሽ ሻል ሲለው ያቋርጥና የተረፈውን ኪሱ ከቶ ለሳለ ተሳፋሪ ሁሉ ያድላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ከረሜላ መሰለህ እንዴ?» ትለዋለች።

«ታዲያ ብቻዬን ልዳን? ስግብግብ አታድርጊኝ!»

እንስቃለን። ምን እሱ ብቻ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር። ኪኒን መካፈል ፍቅር ይመስለን ነበር።

እያደር ክቦቹ ጠበቡ። አክስቴ ሳህኑን ወደ መስኮት ታነሳለች፤ እኔን መጥራቱን ግን ተወችው።

ኋላ ጋሼ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ ብረት ገባለት። እዚያው ሆስፒታል እንደተኛ ቁስሉ መግል ቋጠረ። ሐኪሙ፣ «የሚሠራለት መድኃኒት ከተገኘ እግሩ ይተርፋል፤ ካልተገኘ መርዙ ደሙ ውስጥ ሳይገባ መቁረጥ ግድ ነው» አለን። እግሩ ደግሞ እንጀራው ነው። መግሉ አክስቴ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ባልደረቦቿ «የባልሽን ለኛ ተዪው» ቢሏት፣ «ከኔ ሌላ ማን ሊነካው!» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

በማግስቱ ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። አንድም ክብ የለም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ራሷ ነገረችው።

«ሁሉም እምቢ አለ?»

«ሁሉም። ባክቴሪያው እዚሁ ሆስፒታል የኖረ፣ መድኃኒቱን ሁሉ የለመደ ነው።»

«ኪኒን እያቋረጥኩ፣ እያደልኩ እኔ ነኝ ያስለመድኩት በይኛ።»

«አንተ ብቻህን አይደለህም» አለችውና ጉንጩን ዳበሰችው።

እግሩ ተቆረጠ፤ ነፍሱ ተረፈች። የወጣ ዕለት ታክሲ ብንለው ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ በድሮ መስመሩ አውቶቡስ ተሳፈርን። ከወጣቱ ሹፌር ጀርባ እሱና አክስቴ፣ ከጎናቸው እኔ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ቀኝ ጭኑ ባዶ ሱሪውን ይዞ ብድግ፣ ዝቅ፣ ብድግ፣ ዝቅ ሲል አየሁ። ፍሬን እየረገጠ ነው።

አክስቴ እጇን ጭኑ ላይ አሳረፈች።

«ተወው» አለችው፣ «ልጁ ይዞታል።»